የግብር ውሳኔ ወረቀት ሲደርስዎ፦ 21ዱን ቀናት እንዴት እንደሚጠቀሙባቸው

በባሕር ዳር የግብር ዕዳ ወረቀት ይዘው ምክር ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹን የሚያስጨንቃቸው የተጻፈባቸው የብር መጠን ነው። እኔ ግን ወረቀቱን ተቀብዬ በመጀመሪያ የማየው ወረቀቱ ለባለጉዳዩ የደረሰበትን ቀን ነው። የተጋነነ ግብር በማስረጃ ሊቀነስ ይችላል፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን የቱንም ያህል ጥሩ ማስረጃ ቢኖር የሚያየው አካል ማግኘት ከባድ ነው። ቀኑ የሚያልፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በስንፍና አይደለም። ባለጉዳዩ ወረቀቱ በደረሰው ማግስት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል፣ የወሰነበትን ባለሙያ ያነጋግራል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ ሰኞ እንዲመለስ ይነገረዋል፣ ሰኞ ሲሄድ ደግሞ «እናየዋለን» የሚል መልስ ያገኛል፤ አንዳንዱም የሚያውቀውን ሽማግሌ ይልካል። በዚህ መካከል ሦስት ሳምንት ያልቃል። ሕጉ ቅሬታ ብሎ የሚያውቀው በጽሑፍ የቀረበውን ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ምልልስ በመዝገብ ላይ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ወረቀቱን የላከው የትኛው አካል ነው?

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣንን በፌዴራሉ መንግሥትና በክልሎች መካከል አከፋፍሏል። በግል ነጋዴዎች፣ በግል ገበሬዎች፣ በክልል መንግሥትና በግል ድርጅት ተቀጣሪዎች፣ እንዲሁም በክልሉ ውስጥ በግል ባለቤትነት ከተያዙ ቤቶች በሚገኝ ኪራይ ላይ ግብር የሚጥለው ክልሉ ነው። ስለዚህ በጣና ክፍለ ከተማ ሱቅ ያለው ሰው፣ ቤቱን የሚያከራይ ጡረተኛ፣ በዘጌ ቡና የሚያመርት ገበሬና የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ነርስ ጉዳያቸው የክልል ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የደመወዝ ግብር ግን የፌዴራል ነው። ለሐይቁ ዳር ሰው ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ድንጋጌም አለ፤ አንቀጽ 97 ክልሎች በክልላቸው ውስጥ በውኃ ላይ ከሚሰጥ የትራንስፖርት አገልግሎት በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር እንዲጥሉ በግልጽ ይፈቅዳል። ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚያመላልስ የጀልባ ባለቤት ግብሩ የክልል መሆኑ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው አቤቱታ ለተሳሳተ አካል ቀርቦ ቀናት እንዳይባክኑ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና መቶኛዎች የፌዴራል የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ያስቀመጣቸው ናቸው። ክልሉ የራሱ አዋጅ ስላለው የእርስዎ ጉዳይ የክልል ከሆነ ወረቀቱ የጠቀሰውን አዋጅና አንቀጽ ያንብቡ፤ የአንቀጽ ቁጥር ካልተጠቀሰበትም በየትኛው ሕግ እንደተወሰነ በጽሑፍ ይጠይቁ። የክልሉ የጊዜ ገደብ ረዘም ያለ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በ21 ቀን ውስጥ የጨረሰ ሰው የሚጎዳበት ነገር የለም።

ቀኑን መቁጠር

ቅሬታ የሚቀርበው የግብር ውሳኔው ማስታወቂያ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀናት ውስጥ ነው። ወረቀቱ የተጻፈበትና ለእርስዎ የደረሰበት ቀን ብዙ ጊዜ ስለሚለያዩ፣ ሲረከቡ በላዩ ላይ የዕለቱን ቀን ጽፈው ይፈርሙ፤ በሞባይልዎም ፎቶ ያንሱት። አንዳንድ ሰው ወረቀቱን አልቀበልም በማለት ጊዜ የሚያገኝ ይመስለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ተቀባዩ ፈቃደኛ ካልሆነ ማስታወቂያው በንግድ ቤቱ ወይም በመኖሪያው በር ላይ ተለጥፎ እንደደረሰው ሊቆጠር ስለሚችል፣ እምቢ ያለው ሰው ይዘቱን ሳያውቅ ቀኑ ይቆጠርበታል።

ታምመው፣ ከአገር ውጭ ሆነው ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ገጥሞዎት ከሆነ እስከ 10 ቀን ተጨማሪ ጊዜ ሊፈቀድልዎ ይችላል። ጥያቄው በጽሑፍ፣ የሐኪም ማስረጃ ወይም ሌላ ሰነድ ተያይዞ፣ የመጀመሪያው ጊዜ ሳያልቅ መቅረብ አለበት።

ቅሬታውን መጻፍ

ጥሩ ቅሬታ አጭር ነው። የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ መውቀስ፣ ልጆችን የማሳደግ ችግርን መዘርዘር ወይም «እግዚአብሔር ያሳያችሁ» ብሎ መማጸን አንባቢውን ቢያሳዝነውም ለመወሰን የሚያስችል ነገር አይሰጠውም። አዋጁ የሚጠይቀው ውሳኔው የተሳሳተበትን ነጥብ፣ የተሳሳተበትን ምክንያትና እንዲደረግ የሚፈልጉትን ማስተካከያ ለይቶ መግለጽን ነው። ስለዚህ «ግብሩ በዝቶብኛል» ከማለት ይልቅ «የዓመቱ ሽያጬ ይህን ያህል ብር ተብሎ የተያዘው 12 ወር ሙሉ እንደሠራሁ ተቆጥሮ ነው፤ እኔ ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አልሠራሁም፤ ማስረጃው ተያይዟል» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ማስረጃው ወሳኝ የሚሆነው ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም በግብር ከፋዩ ላይ የወደቀ በመሆኑ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ትክክል መሆኑን እንዲያሳይ አይጠበቅም፤ እርስዎ ነዎት ስሕተቱን የሚያሳዩት። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በወጣ ጊዜ በብዙ ከተሞች ቅሬታ የተነሣውና ብዙዎችም መልስ ለመስጠት የተቸገሩት ሽያጫቸውን የሚያሳይ መዝገብ ስላልነበራቸው ነው። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ ግብር ከፋዮችን በሁለት ደረጃ ብቻ ከፍሎ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው የደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ተመሥርቶ እንዲከፍል አድርጓል። ወጪ በማይቀነስበት አሠራር ሽያጭን በትክክል መመዝገብ ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው።

መዝገብ ባይኖርም ማስረጃ የለም ማለት አይደለም። ለምሳሌ አንድ የጀልባ ባለቤት በማኅበር ተራ የሚሠራ ከሆነ የማኅበሩ የተራ መዝገብ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተጓዘ ያሳያል፤ የነዳጅ ደረሰኝ፣ ሞተሩ የተበላሸበት ወር የጥገና ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫም አለ። ለቤት አከራይ የኪራይ ውሉና ቤቱ ባዶ የነበረባቸው ወራት የመብራት ክፍያ ይጠቅማሉ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃ ይሆናል፤ ተደጋግፈው ሲቀርቡ ግን ግምቱን የሚያናጋ ታሪክ ይናገራሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ቅድመ ሁኔታ የማይከራከሩበትን ግብር መክፈል ነው። የጀልባው ባለቤት 180,000 ብር ተወስኖበት 60,000 ብሩ ተገቢ መሆኑን ቢያምን፣ 60,000 ብሩን ከፍሎ ደረሰኙን ከቅሬታው ጋር ማያያዝ አለበት፤ ካልከፈለ ቅሬታው በአግባቡ እንደቀረበ አይቆጠርም። አቤቱታውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ መዝገብ ቤት ማስገባት፣ በአንደኛው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጎ መመለስም የግድ ነው። ለባለሙያ በእጅ ሰጥቶ መሄድ ማስገባት አይባልም።

መልሱ ካልተስማማዎት

ቅሬታው ውድቅ ከሆነ ውሳኔው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። በፌዴራል ጉዳይ ይግባኙ የሚቀርበው ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ሲሆን የክልል ግብር ደግሞ በክልሉ ሕግ ለተቋቋመው የይግባኝ አካል ይቀርባል። ቅሬታው በ180 ቀን ውስጥ ሳይወሰን ከቀረም ግብር ከፋዩ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ሳያውቅ መቀመጥ የለበትም፤ 180ው ቀን ካበቃ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ይግባኙን ማቅረብ ይችላል።

እዚህ ላይ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይግባኙ ተቀባይነት የሚያገኘው ክርክር ከተነሣበት ግብር 50 በመቶው ሲከፈል ነው። የጀልባው ባለቤት የሚከራከረው በ120,000 ብር ላይ ስለሆነ 60,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ስሌቱ የሚሠራው በፍሬ ግብሩ ላይ ብቻ ነው፤ ቅጣቱና ወለዱ አይገቡበትም። ዕዳው በአንድ ድምር ተጽፎልዎ ከሆነ ፍሬ ግብሩ ተለይቶ እንዲሰጥዎ አጥብቀው ይጠይቁ፤ በዚህ ምክንያት ሳያስፈልገው ብዙ ገንዘብ የተበደረ ሰው አጋጥሞኛል። ከዚያ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ቢቻልም፣ የተከፈለው ወደ 75 በመቶ ከፍ ማለት ስላለበት በምሳሌአችን 30,000 ብር ይጨመራል፤ ፍርድ ቤቱም የሚያየው የሕግ ጥያቄን ብቻ ነው። የሽያጭ መጠን፣ የሥራ ወራትና የደረሰኝ ጉዳይ እዚያ ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት።

ዕዳውን ያመነ፣ መክፈል ግን ያልቻለ

ይህ ሰው ቅሬታ ማቅረብ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የጊዜ ማራዘሚያ ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ የመክፈል ፈቃድ መጠየቅ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ሆኖ ገቢንና ወጪን የሚያሳይ፣ በየወሩ ሊከፈል የሚችለውን መጠን የሚገልጽ ቢሆን ይመረጣል። የማይደረስበት መጠን ቃል መግባት አደገኛ ነው፤ አንድ ክፍያ ከተዛነፈ ቀሪው ዕዳ በሙሉ ወዲያውኑ ሊጠየቅ ይችላል። ስምምነቱ ተፈቅዶም ወለዱ መቆጠሩን አያቆምም።

ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር ላሳይ። ዘግይቶ የመክፈል ቅጣት ለመጀመሪያው ወር ወይም የወሩ ክፍል ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ነው። 40,000 ብር ዕዳ ያለበት ሰው በመጀመሪያው ወር 2,000 ብር፣ ከዚያም በወር 800 ብር እየታሰበበት በ12 ወር 10,800 ብር ይደርስበታል፤ ወለዱ ከዚህ ውጭ ነው። ጨርሶ ያላሳወቀ ከሆነ የማሳወቂያው ቅጣት ደግሞ ለብቻው ይታያል። አስተዳደራዊ ቅጣት በመመሪያ መሠረት በሙሉ ወይም በከፊል ሊነሣ እንደሚችል አዋጁ ስለሚፈቅድ፣ በቂ ምክንያት ያለው ሰው በጽሑፍ ይጠይቅ። ፍሬ ግብሩን ቀድሞ የከፈለ ሰው ጥያቄው የተሻለ እንደሚደመጥ ከልምድ አይቻለሁ።

ካልተከፈለ ጽሕፈት ቤቱ ንብረት ይዞ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ማስታወቂያ ተሰጥቶ 30 ቀን ሊያልፍ ይገባል፤ ከሽያጩ ከዕዳው የተረፈው ለባለንብረቱ ይመለሳል። በባንክ ያለ ገንዘብም ሊያዝ፣ የንግድ ቤቱም እስከ 14 ቀን ሊታሸግ፣ ከአገር መውጣትም ሊታገድ ይችላል። ዕዳን መክፈል አለመቻል ብቻውን ግን ለእስር አያበቃም። የሚያሳስረው ግብር ለመሰወር ሆን ብሎ ገቢን መደበቅ ነው፤ ቅጣቱም ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ሁለት የተለመዱ ጉዳዮች

ደመወዝተኛ ግብሩን ራሱ አያሳውቅም፤ ቀጣሪው ቀንሶ ገቢ ያደርጋል። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 እስከ 35 በመቶ በየእርከኑ ይቀነሳል። ለምሳሌ 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው 1,650 ብር ግብር ይቀነስበታል። ከዚህ የበለጠ ተቀንሶ ካገኙ ቀጣሪዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀጣሪው ቀንሶ ለመንግሥት ሳያስገባ ከቀረ ተጠያቂው እርሱ ነው፤ መቀነሱን የሚያሳየው ግን የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ስለሆነ በየወሩ ይያዙት።

ሁለተኛው፣ ንግዱን ከዓመታት በፊት የተወ ሰው ጉዳይ ነው። ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክቦ ወደ ሌላ ሥራ ገብቷል፤ ፈቃዱን ግን አልመለሰም፣ ለግብር ሰብሳቢውም አላሳወቀም። ቤት ሊሸጥ ወይም አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ከዕዳ ነፃ ማረጋገጫ፣ በተለምዶ ክሊራንስ የምንለውን፣ ሲጠይቅ የስንት ዓመት ውዝፍ ተቆልሎ ይጠብቀዋል። ሥራ ያቆመ ሰው ካቆመበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረበት። ቀኑ ካለፈም ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ የተቋረጠው የኪራይ ውል፣ ቤቱን በኋላ የተከራየው ሰው ፈቃድ፣ ካሽ ሬጅስተር ከነበረ የመጨረሻው የሽያጭ ሪፖርትና የቀበሌ ማስረጃ ተሰብስበው ሥራው የቆመበት ቀን እንዲመዘገብ ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ ያ መልስ ራሱ ውሳኔ ነውና በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ካልተስማሙበት የአቤቱታው ጊዜ የሚቆጠረው ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ነው።