ጠላው ለምን ኮመጠጠ? የደጋ ጠላ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ጠላ አጠማመቅ አያስተምርም። ጥንስስ፣ ቂጣ፣ እንኩሮና ድፍድፍ ምን እንደሆኑ ለሚያውቅ፣ ግን ለተበላሸበት ሰው ነው። ለማስታወስ ያህል፣ ጥንስስ በውሃ የተነከረው ጌሾና ብቅል፣ እንኩሮ በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ የታመሰው ዱቄት፣ ድፍድፍ ደግሞ ሁሉም ተቀላቅሎ የሚፈላው ወፍራሙ ነው። ማመሳከሪያው ልክ 20 ሊትር ለሚይዝ ዕቃ እንዲህ ነው፦ የተወቀጠ ጌሾ ግማሽ ኪሎ፣ ብቅል 1 ኪሎ፣ ለቂጣና ለእንኩሮ በድምሩ 3 ኪሎ እህል፣ ውሃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 14 ሊትር ገደማ። በየቤቱ ትንሽ መለያየቱ ያለ ነው። ከዚህ እጥፍ ውሃ የገባበት ጠላ ግን ቅራሪ እንጂ ጠላ አይደለም፤ ቢኮመጥጥ አይገርምም።

ጠላው በተከፈተ በማግስቱ ኮመጠጠ

ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ፣ ውርጩ ከሚጀምርበት ከጥቅምት አንስቶ እስከ ጥር ሰርግ ድረስ፣ ከአሥር ስሞታ ዘጠኙ ይኸው ነው። ጋኑ ይታማል፣ ጌሾው ይታማል፣ ዓይን ገባበት ይባላል። ጥንስሱን የሚጠይቅ የለም።

በመጀመሪያ ኮምጣጣው የትኛው እንደሆነ ለዩ። ቀድታችሁ አሽትቱ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚያስጠብብ ከሆነ ኮምጣጤ ሆኗል፤ አየር ገብቶበታል ማለት ነው (ስለዚያ ወደ ታች አለ)። ሽታው ረጋ ያለ፣ ጣዕሙ እንደ አጓት ከሆነ ግን ጥፋቱ የተሠራው ጠላው ከመከፈቱ ከብዙ ቀን በፊት ነው። ጥንስሱ ሳይነሳ ዱቄት ተጭኖበታል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በጌሾውና በብቅሉ ላይ አልኮል የሚሠራው እርሾም፣ የሚያኮመጥጠው ተሕዋስም አብረው አሉ። እርሾው ቀድሞ ከበዛ አልኮሉና የጌሾው ምሬት ተባብረው ሌላውን ያፍኑታል። እርሾው ገና በቁጥር ሳይጠነክር ቂጣውና እንኩሮው ከገባ ግን ስኳሩን ሌላው ይቀራመተዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣፋጭነቱ ኮምጣጣውን ስለሚሸፍነው ማንም አያውቅም።

የተለመደው ጥፋት እንዲህ ነው የሚሆነው። ሰርጉ እሑድ ነው። ማክሰኞ ተጠነሰሰ፣ ሐሙስ ዱቄቱ ሁሉ ገባ፣ ዓርብ ማታ ውሃ ተጨመረበት። እሑድ እንግዳው «ግሩም ጠላ» ብሎ ሄደ። ለመልስ የተቀመጠው ሁለተኛው ጋን ማክሰኞ ሲከፈት አጓት። ያን ጊዜ ጋኑን መስበር እንጂ ቀኑን መቁጠር ለማንም አይታሰብም። ተገላቢጦሹም አለ፤ የመንዝን ቀን አቆጣጠር ይዞ ጣርማበርን የወረደ ሰው ሸዋ ሮቢት ላይ ድፍድፉን እንደ አገሩ ሰንብቶ ይጠብቃል፤ ሲከፍተው ከርሮ፣ አልፎበት ያገኘዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች፣ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ብዙም አትርቅም። ቆላ በሁለት ቀን የሚነሳ ጥንስስ ደጋ ላይ በኅዳር አምስትና ስድስት ቀን ቢፈልግ ትክክል ነው። ስለዚህ ቀን አትቁጠሩ፤ ምልክት እዩ።

የተነሳ ጥንስስ ሦስት ምልክት አለው። ጌሾው ወደ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን አረፋ ይዟል። ጆሮ ወደ ዕቃው አፍ ሲጠጋ የሚንቸረቸር ድምፅ ይሰማል። የተለኮሰ ክብሪት ወደ አፉ ዝቅ ሲደረግ ይጠፋል፤ ከፍላቱ የሚወጣው ጋዝ አየሩን አስለቅቆታልና። ሦስቱም ካልታዩ አንድ ጭብጥ ዱቄት እንኳ አይግባ፤ እንግዳ የተጠራበት ቀን ቢደርስም አይግባ። (ያው ጋዝ ሰውንም ያፍናል። ትልቅ ጋን ውስጥ ጭንቅላት አስገብቶ ማየት ወይም ልጅ አስገብቶ ማሳጠብ አይሞከርም።)

መፍትሄው ሙቀትና ዘር ነው። የጥንስሱ ውሃ ክንድ ላይ ሲፈስ የማይቀዘቅዝ፣ የማያቃጥል ይሁን። ዕቃው መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ሳንቃ ወይም ወፍራም ገለባ ላይ አስቀምጡት፣ ወገቡን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት። ምድጃ ሥር ማስጠጋት ሌላ ችግር ነው፤ አንድ ጎኑ ይቀቀላል፣ ሌላው ይበርዳል። ዘሩ ደግሞ ከሳምንት ያልበለጠ፣ ጤነኛ ከሆነ ጠላ የተረፈ አንድ ጣሳ ድፍድፍ ነው። ጎረቤት ካለ ለምኑ። የዳቦ እርሾ አንድ የሻይ ማንኪያ ያስነሳዋል፣ ውሸት አይደለም፤ ጠላው ግን ሊጥ ሊጥ ይላል። ስኳር የሚጨምር ሰው ደግሞ ያልተነሳውን አላስነሳም፣ ወጪ ብቻ ጨመረ።

የኮመጠጠውን መመለስ አይቻልም። ሶዳ የሚነሰንሱ አሉ፤ የሚጠጣው ሳሙና ሳሙና የሚል ጠላ ነው። «ለአረቄ ይሁን» የሚለውም ኮምጣጤ ለሆነው አያዋጣም፣ ኮምጣጤው ከአረቄው ጋር ተንኖ ይወጣል። ገና ጫፉን የነካው ከሆነ ውሃ ሳይጨመርበት ዛሬውኑ ይጠጣ።

ሲፈላ የነበረው ድፍድፍ በአንድ ሌሊት ዝም አለ

ትኩስ እንኩሮ ገብቶበታል። ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት ይህን ጠይቁ። ተከምሮ የተቀመጠ እንኩሮ ላዩ ቀዝቅዞ መሐሉ ለሰዓታት ይፋጃል፤ እርሾ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ይሞታል። በሰፌድ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ እጅ መሐሉ ገብቶ ቅዝቃዜ ሲሰማው ብቻ ይግባ። የሞተውን ለማዳን ድፍድፉ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከዚያ የተነሳ ጥንስስ ሁለት ሊትር ያህል ጨምሩ። ብቅሉም በትኩሱ ስለሚጎዳ አንድ ሁለት ጭብጥ አዲስ ብቅል አብሮ ይግባ።

ጠላው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ

አየር። የጋኑ አፍ የታሸገበት ምርጊት ሲደርቅ ተሰንጥቋል፣ ወይም ጋኑ ተከፍቶ በየቀኑ በጣሳ ይጨለፍበታል። የጭቃውን ምርጊት ጠዋትና ማታ በእርጥብ እጅ ዳብሱት። የተከፈተ ጋን ግማሽ ሲደርስ የቀረውን አፉ ድረስ በሚሞላ ትንሽ ዕቃ ገልብጡ።

አሁን አሁን ሁሉም በጀሪካን ሆኗል። የዘይት ጀሪካን ሽታው አይለቅም። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ሺህ ጊዜ ቢታጠብ፣ በግራዋ ቢፋቅ፣ በወይራ ቢታጠን ለጠላ አይሆንም፤ ለውሃም አይሆንም፤ ለከብት ውሃም አይሆንም። ገና የሚፈላ ድፍድፍ ያለበትን ጀሪካን ክዳን አጥብቆ መዝጋትም ያፈነዳዋል። ምርጊት ጋዙን በቀዳዳው ያስተነፍሳል፣ የፕላስቲክ ክዳን አያስተነፍስም። ሩብ ዙር አላልታችሁ ተዉት፤ ፍላቱ ሲቆም ክዳኑ ይጥበቅ።

ጣፈጠ፣ ወፈረ፣ ግን አያሰክርም

ብቅሉ ደካማ ነው። በደጋ ብርድ ገብስ ተዘፍዝፎ ከታፈነ በኋላ ለመብቀል እስከ አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ጫፉ ብቻ ብቅ ያለውን አውጥቶ ማድረቅ ትርፉ ዱቄት ነው። ቡቃያው የገብሱን ርዝመት ሲያክል ይውጣ። ፀሐይ ጠፋ ተብሎ ምጣድ ላይ የደረቀ ብቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የመቀየር አቅሙ ይቃጠላል። ከገበያ የተገዛ ብቅል ጥርስ ላይ ሲሰበር ድርቅ ብሎ የሚጣፍጥ ካልሆነ ተዉት፤ ያልበቀለ ገብስ ቀላቅሎ መሸጥ የተለመደ ነው።

አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ የያዘ ብቅል ይጣል። አጥቦ፣ አስጥቶ መጠቀም የለም፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመቁላትም በማፍላትም ጨርሶ አይጠፋም። ለዶሮም አይሰጥ።

ሌሎች፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ጠላው ሲቀዳ እንደ ተልባ ከተሳበ ዕቃው ተበክሏል። ጠላው ይደፋ፤ ጋኑ በፈላ ውሃ ተለብልቦ፣ በትኩስ ግራዋ ተፈትጎ፣ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተገልብጦ ይታጠን። ከደገመ እህል ይቀመጥበት።

ከሰል ከሰል ካለ እንኩሮው አሯል፤ ቡና ሲመስል እንጂ ሲጠቁር አይጠበቅም።

መድኃኒት መድኃኒት ከሸተተ የታጠነው በባሕር ዛፍ ነው። የደረቀ ወይራ ብቻ፤ ከጠፋ ሳይታጠን ይቅር።

ሆድ ከነፋ ጉሽ ነው የተጠጣው። አልጠለለም፣ ሁለት ቀን ይጨመርለት።

ቅራሪው በማግስቱ ከኮመጠጠ ምንም አልተበላሸም፤ ቅራሪ የዕለት መጠጥ ነው።