የትኛውን መጤ አረም እናስቀድም?

በየቀበሌው ስዞር የሚገጥመኝ ጥያቄ ይሄው ነው። ሰው ወዲያው ዓይኑን የሞላውን ይጠቁማል። እኔ ደግሞ ቆይ፣ መጀመሪያ ወረቀት አውጡ እላለሁ።

መጤውን ከነባሩ ለዩ። አቀንጭራ ማሽላውን ድራሹን ቢያጠፋም የአገሩ ተክል ነው። እሱን ለእርሻ ባለሙያው ተዉለት። እምቦጭ፣ ቅንጨ አረም፣ ፕሮሶፒስና የወፍ ቆሎ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ መዝገቡ ላይ ይግቡ።

ከዚያ ጉዳታቸውን ከ1 እስከ 5 መዝኑ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀው መለኪያም አምስት ደረጃ አለው። ነባሩን ተክልና እንስሳ ያን ያህል ካልነካው 1፤ ካቀጨጨው 2፤ ቁጥሩን ከቀነሰው 3፤ ከቦታው ካጠፋው፣ ግን አረሙ ሲነሳ የሚመለስ ከሆነ 4፤ ላይመለስ ከጠፋ 5። ጤናና ገቢን እዚህ አትደባልቁ። ቅንጨ አረም ቆዳ ያሳክካል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። ከባድ ነገር ነው፤ ግን በሌላ ዓምድ ይጻፍ።

ቢሮ ቁጭ ብሎ ነጥብ መስጠት አይሆንም። አረሙ ከገባበትና ካልደረሰበት መሬት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በገመድ ከልሉና ሣሩን በዓይነት በዓይነቱ ቁጠሩ። እረኞቹንም ጠይቁ፤ የጠፋውን ሣር በስሙ ይጠሩላችኋል።

ቀጥሎ መንገዱን ተከተሉ። ፕሮሶፒስ ባለበት አካባቢ የፍየል በጠጥ አንስታችሁ ፈርክሱ። ዘሩ ሳይፈጭ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ስጋቱ ዛፉ የቆመበት ብቻ ሳይሆን መንጋው የሚሄድበት ሁሉ ነው። ቅንጨ አረም በመኪና ጎማ፣ በአሸዋና በእህል ጆንያ ይጓዛል፤ መንገድ ዳርና ወፍጮ ቤት በር ላይ ፈልጉት። እምቦጭ ደግሞ ከአንዲት ቁራጭ ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ነቅሎ ውሃው ጠርዝ ላይ መከመር ለቀጣዩ ጎርፍ ማስረከብ ነው።

ሰው የሚከራከረኝ እዚህ ላይ ነው፦ ቅድሚያ የሚያገኘው ብዙ ቦታ የያዘው አይደለም። ጉዳቱ 4 ሆኖ ገና ጥቂት እግር ብቻ የበቀለ ካለ፣ ዛሬውኑ ሳያብብ ይነቀል። መሬቱን የወረሰውን በአንድ ዘመቻ አትጨርሱትም፤ ጠርዙ ላይ ያዙት።

ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን «አይቼ» ወይም «ሰምቼ» ብላችሁ ጻፉ። «ሰምቼ» የበዛበትን ከክረምት በኋላ ሄዳችሁ እዩት።