ፌሬት ያላችሁ፣ የሽቦ ቤቷን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሙቀቱን ለኩ

ለፌሬት (ቤት ውስጥ የምትለመድ፣ ሰውነቷ ቀጭንና ረዘም ያለ ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ) ቦታ ስትመርጡ የክፍሉን ስፋት ብቻ አትዩ። ቶሎ የሚጎዳት ሙቀት ነው። ቤቷን ልታስቀምጡ ባሰባችሁበት ቦታ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ቴርሞሜትር አኑሩና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ እዩት። ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ ሸጋ ነው። ወደ 27 ከተጠጋ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ግድግዳው ላይ ያለውን የኤሲ ቁጥር አትመኑት፤ መስኮት ሥር ያለው ጥግ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ፌሬት እንደ ሰው አያልባትም። ስለዚህ ቬንትሌተር ብቻውን ብዙም አይረዳትም፤ የሚነፍስባት ያው ሞቃት አየር ነው። ኤሲው ቢበላሽ ወይም መብራት ቢጠፋ፣ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ በወፍራም ካልሲ ሸፍናችሁ አንድ ጥግ ላይ አስቀምጡላት። ሲሞቃት ሄዳ ትለጠፍበታለች፣ ሲበርዳት ትርቃለች። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ይፈነዳል።

አፏን ከፍታ የምታለከልክ ወይም ዝልፍልፍ ያለች ከሆነች ግን በጠርሙስ ጊዜ አታጥፉ። ሰውነቷን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ አርጥባችሁ (የበረዶ ውኃ በፍጹም!) ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ አድርሷት።