ደሴ ላይ ጽጌረዳ ለማየት ስትወጡ

መናፈሻ የገባ ሰው ሁሉ ጽጌረዳውን ፎቶ ያነሳል። አሽትቶት የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አበባውን ያረግፈዋል። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ዘመነ ጽጌ ያለችው በምክንያት ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ከወቅቱ ይብሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጧት ብርዱ ይቆነጥጣል። በብርድ ጽጌረዳ ብዙም አይሸትም። ሽታው አበባው ውስጥ ያለ ዘይት ነው፤ ለብ ሲል ይወጣል፣ በቀትር ፀሐይ ደግሞ ተኖ ያልቃል። ስለዚህ ፀሐይ መጀመሪያ የጦሳን ተራራ ነክታ ወደ ከተማው ስትወርድ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ድረሱ። ጋቢ ወይም ሹራብ አትርሱ።

ስታሸቱ ግማሽ የፈካውን ፈልጉ። እንቡጡ ገና ነው፣ የተዘረገፈው አልቆበታል። ጎንበስ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሦስት አራቱን ካሸተታችሁ አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ትንሽ ዞር ዞር በሉና ተመለሱ። ምንም የማይሸት ካጋጠማችሁ አይግረማችሁ። ለሽያጭ የተዳቀሉ ብዙዎቹ ቆርጠው ሲያስቀምጧቸው እንዲቆዩ እየተመረጡ ሽታቸውን አጥተዋል።

ልጆች ካሉ ስለ ቀጋ አንሱላቸው። ፍሬውን በልተውት ሊሆን ይችላል፤ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። አበባው ነጭ ነው፣ አምስት ቅጠል ብቻ አለው። የመናፈሻው ጽጌረዳ ድርብርብ የሆነው ወንዴ ዘሩ ወደ አበባ ቅጠል እየተለወጠ ነው። ንብ የትኛው ላይ እንደሚበዛ እንዲቆጥሩ አድርጉ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ቶሎ ቶሎ ብቅ በሉ። እዚያ ሙቀቱ አበባውን ፈጥኖ ያፈካዋል፣ ፈጥኖም ያረግፈዋል። ደሴ ላይ ቀስ ብሎ ፈክቶ ይሰነብታል።

አበባ አትቀንጥሱ፣ አደራ። ቤታችሁ እንዲኖር ከፈለጋችሁ አትክልተኛውን ሰላም ብላችሁ መቼ እንደሚገርዝ ጠይቁት። ከሚጣለው ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ስንዝር የሚሆን ግንድ ለምኑት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ውሰዱ። የታችኛውን ቅጠል አንሱና ከግማሽ በላይ አፈር ውስጥ ቅበሩት። ጥላ ሥር ይሁን፣ አፈሩ አይድረቅ። ሥር ለመስደድ አንድ ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እስከዚያ እየነቀላችሁ አትዩት።