ሸማኔ ስትቀርጹ እግሩን አትርሱ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ቤት ገብቼ 40 ደቂቃ ያህል ቀረጽኩ። ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ ጥለቱን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የድሮ ካላንደር ሳይቀር። ልወጣ ስል «እስቲ ልየው» አሉኝና ስልኩን ሰጠኋቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ልጄ፣ እግሬስ? ሥራው ያለው እኮ እዚያ ነው» አሉኝ።

እውነትም በ40 ደቂቃ ውስጥ አንድም ቦታ እግር የለም። እሳቸው የሚሠሩት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ነው። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፣ በረገጡ ቁጥር ድሩ (በቁመት የተወጠረው ክር) ለሁለት ይከፈላል፣ መወርወሪያውም ማጉን (በአግድም የሚገባውን ክር) ይዞ በመሀል ሹልክ ይላል። እኔ ያንን ትቼ ጣት ሳነሳ ነው የዋልኩት።

የእጅ ሥራና ባለሙያውን በስልክም ሆነ በካሜራ ማንሳት የምትፈልጉ ካላችሁ ከኔ ስህተት ተማሩ። ምሳሌዬ ሽመና ነው፣ ደጋግሜ ያነሳሁት እሱን ስለሆነ። ሸክላ ሠሪ ጋም ሆነ ሞሰብ የምትሰፋ እናት ጋ ብትሄዱ ነገሩ ያው ነው።

ስትገቡ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ሰላም በሉ፣ ተቀመጡ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ። ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ እዩ። የምታዩት ሁለት ነገር ነው፤ የትኛው እንቅስቃሴ ይደጋገማል፣ የትኛው አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል? የሚደጋገመው ይጠብቃችኋል፣ ሃያ ጊዜ ብትስቱት ሃያ አንደኛው አለ። ክር ሲበጠስና በጣት ሲቀጠል፣ ማጉ የተጠቀለለበት ቀሰም አልቆ ሲቀየር፣ የተሠራው ሸማ ሲጠቀለል ግን ካልተዘጋጃችሁ አመለጣችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ፈቃድ። «ላንሳዎት?» ብቻ አይበቃም። ፊትዎ ይታይ? ስምዎ ይጻፍ? ቲክቶክ ላይ ልጫነው? ብላችሁ ለየብቻ ጠይቁ። ፊቱ እንዲታይ የማይፈልግ ባለሙያ ብታገኙ ቅር እንዳይላችሁ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ቢብስ ነው? አዋጅ ወጣ ማለት ደግሞ ስድቡ በማግስቱ ቆመ ማለት አይደለም። ስለዚህ እጅ ብቻ አንሳ ካሏችሁ እጅ ብቻ አንሱ። ስሜ ይጻፍ ካሉ ደግሞ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ። «የዶርዜ ሸማኔ» ስም አይደለም።

የገንዘቡንም ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ብዙ ሸማኔ የሚያገኘው በጨረሰው ልክ ነው። እናንተ «እባክዎ እንደገና ያድርጉልኝ» ባላችሁ ቁጥር ከዕለት ገቢው እየቆረሳችሁ ነው። ወይ ለጊዜው ክፈሉ፣ ወይ ነጠላ ግዙ። ሰውየውን ሙሉ ጠዋት ስታስቸግሩ ውላችሁ ማታ ነጠላው ላይ ወጥሮ መከራከር፣ ይቅርታ ግን፣ ነውር ነው።

አሁን ወደ ብርሃን። የሽመና ቤት ብዙ ጊዜ ጨለም ያለ ነው፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ፍላሽ እንዳታበሩ፤ ሁሉን ነገር ልሙጥ ያደርገዋል። የበሩ ብርሃን ሸማው ላይ ከጎን እንዲያርፍ አድርጋችሁ ቁሙ። ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ክር ትንሽ ጥላ ይጥልና ሽመናው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌላው ጣጣ ነጩ ሸማ ነው። ስልኩ ክፍሉ ጨለማ መሆኑን ሲያይ ሁሉንም ያደምቃል፣ ነጠላው ክር የሌለው ነጭ ወረቀት ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ሸማውን ነክታችሁ እስኪቆለፍ ያዙት፣ ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች ጎተት አድርጉ። ደጅ ላይ ነጠላው ምስሉን ሞልቶት ስታነሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አመድ ስለሚመስል ትንሽ ከፍ አድርጉ።

ቪዲዮ ላይ ጥቁር መስመር የሚርገበገብባችሁ ከሆነ ጥፋተኛው ሸምበቆ የምንለው አምፖል ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ስልካችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ይቀርጻል፣ ሁለቱ አይገጥሙም። ወደ 25 ፍሬም ቀይሩት፣ ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት። ስልኩ ይህን ካልፈቀደ አስፈቅዳችሁ አምፖሉን አጥፉ፣ በሩን ወለል አድርጉ።

ለፎቶ መወርወሪያውን በ1/500 ብታነሱት አየር ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ታገኛላችሁ። እኔ 1/30 እመርጣለሁ። መወርወሪያው ስስ መስመር ሆኖ ያልፋል፣ የሰውየው ፍጥነት ያኔ ነው የሚታየው። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ፣ አለዚያ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል።

እግሩ ጋ ስትደርሱ ፈቃድ ጠይቁና ስልኩን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ (አጥብቃችሁ፣ የኔ አንዴ ገብቷል)። መጀመሪያ እግሩን ብቻ 10 ሰከንድ። ከዚያ ሳትቆርጡ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ እግር ሲረግጥ፣ ድር ሲከፈት፣ መወርወሪያ ሲያልፍ፣ ማጉ ሲመታ። በአንድ ትንፋሽ ሲታይ ሽመና አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳን ይገባዋል። ቆራርጣችሁ ብትገጣጥሙት ግን የሚያምር እንጂ የሚገባ ነገር አይወጣውም።

ጥለቱ ላይ አታፍጥኑ። ክር እየቆጠረ በጣቱ እያነሳ የሚሠራውን ሰው በፍጥነት ስታሳዩት ድካሙን ሰረዛችሁት። የቀኑን ሥራ ማሳየት ከፈለጋችሁ ጠዋትና ማታ ከአንድ ቦታ ላይ አንድ አንድ ፎቶ አንሱ። በሁለቱ መሀል ያለችው ልዩነት የአንድ ቀን ውሎ ናት።

ድምፁንም ለብቻው አንድ ደቂቃ ቅረጹት፣ ማንም ሳያወራ። ያንን ምት በክራር አትሸፍኑት። ሬዲዮ ከተከፈተ ግን ለአፍታ እንዲዘጋ ለምኑ፣ በኋላ ዘፈኑ በቅጂ መብት ቪዲዮውን ሊያሳግድባችሁ ይችላል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ግን በእጅ የተፈተለ ሊሆን ይችላል። ማን ፈተለው ብላችሁ ጠይቁ። ባዘቶና እንዝርት ይዛ የተቀመጠች ሴት ጋ ይወስዳችኋል፣ እሷ ደግሞ ቪዲዮ ውስጥ ብዙም አትታይም።

ስትጨርሱ ፎቶውን አሳጥባችሁ መልሱ። እኔ የእግራቸውን ፎቶ ይዤ ተመለስኩ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ። እሳቸው ግን እግራቸውን አላዩትም። ወደ በሩ ወስደው ጠጋ አድርገው አዩና ጥለቱ ጫፍ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይቺ ጋ አንድ ክር ስቻለሁ» አሉ።