በእንግሊዝኛ መፈክሮች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለብዙዎቻችን መፈክር ሲባል ቶሎ የሚታየን ሰልፍና ወደ ላይ የተነሳ ክንድ ነው። የእንግሊዝኛው መፈክር ግን ወተት ይሸጣል፣ ቀበቶ ያሳስራል፣ ቱሪስት ይጠራል። ታርጋ ላይ አለ፣ ቲሸርት ላይ አለ፣ የቢሮ ወሬ ውስጥም አለ። ቃላቱ ቀላል ስለሆኑ የገባን ይመስለናል።

የመጀመሪያው ስህተት ቃሉን እንዳለ መውሰድ ነው። «ዶንት ሜስ ዊዝ ቴክሳስ» ሲባል የቴክሳስ ሰው «እንዳትነካኩን!» ብሎ የሚፎክር ይመስላል። ዛሬ ብዙ ቴክሳሳውያን ራሳቸው እንደዚያ ይሉታል። ሲወለድ ግን የጽዳት ዘመቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የግዛቲቱን የመንገድ መሥሪያ ቤት ከመኪና መስኮት ቆርቆሮና ወረቀት የሚወረውሩ ሰዎች፣ በተለይ ጎረምሶች፣ አስቸገሩት። በልመና እንደማይሰሙ ስለገባው በሚወዱት የጉራ ቋንቋ መጣባቸው። «ሜስ» ማዝረክረክም መተናኮስም ስለሆነ አንዱ ቃል ሁለቱንም ሥራ ሠራለት።

«ቨርጂኒያ ኢዝ ፎር ላቨርስ» (ቨርጂኒያ ለወዳጆች ናት) የሚለውም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ሐበሾች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የግዛቲቱ የቱሪዝም መፈክር ነው። አዲስ የመጣ ዘመድ ሲያነበው ለሙሽሮች ብቻ የተጻፈ ይመስለዋል። መጀመሪያ የታሰበው «ለታሪክ ወዳጆች» የሚል ነበር። ለባሕር ዳርቻ ወዳጆች፣ ለተራራ ወዳጆች እየተባለ ሊቀጥል። «ታሪክ» ስትወጣ ሁሉም የየራሱን ፍቅር የሚያነብበት ሆኖ ቀረ። የእኛው የቱሪዝም ሰው ሀብተሥላሴ ታፈሰ «ሰርቲን መንዝስ ኦፍ ሰንሻይን» (አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ) ያሉትን ቃል በቃል አምኖ በነሐሴ ያለ ጃንጥላ አዲስ አበባ የሚገባ ቱሪስትም ያው ስህተት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰዋስውን ከማስታወቂያ መማር። አፕል እ.ኤ.አ. በ1997 «ቲንክ ዲፈረንት» (ለየት አድርጋችሁ አስቡ) ሲል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቢሆን መጨረሻው ላይ «ሊ» ይጨምርበት ነበር። የማክዶናልድስ «አይም ላቪን ኢት» (እየወደድኩት ነው) የሚለውንም የመማሪያ መጽሐፍ አይወደውም። ጸሐፊዎቹ ሕጉን የጣሱት አውቀው ነው፤ ጆሮ ላይ እንዲቀር። የሥራ ማመልከቻ ላይ ግን ለእናንተ ይህ ምሕረት የለም።

ሦስተኛውና በእኔ እይታ ከባዱ፣ ማን እንዳለው ሳይጠይቁ መድገም ነው። ከሳልቫጅ በመቶ ብር የተገዛ ቲሸርት ላይ «አሜሪካ ፈርስት» (አሜሪካ ትቅደም) ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ለገዢው ቆንጆ ቀለም ነው። አሜሪካዊ ሲያየው ግን ብዙ ነገር ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1940 አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳትገባ የሚታገል ኮሚቴ በዚህ ስም ተቋቁሟል። ታዋቂው ተናጋሪው፣ አብራሪው ቻርለስ ሊንድበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ባደረገው ንግግር ጸረ አይሁድ ተብሎ በብርቱ ተወግዟል። ዛሬ ደግሞ የዶናልድ ትራምፕ መፈክር ነው። ስለዚህ ለብሳችሁት ስትወጡ ሳታስቡት ወገን መርጣችኋል።

የዋሺንግተን ዲሲ ታርጋም እንዲሁ ያሳስታል። «ኤንድ ታክሴሽን ዊዝአውት ሪፕረዘንቴሽን» (ያለ ውክልና ግብር ማስከፈል ይቁም) የሚለውን ብዙ ሰው ግብር በዛብን የሚል ምሬት ያደርገዋል። ነገሩ ሌላ ነው። የከተማዋ ነዋሪ የፌዴራል ግብር ይከፍላል፣ በኮንግረስ ግን ድምፅ የሚሰጥለት ተወካይ የለውም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅኝ ተገዢዎቹ በእንግሊዝ ላይ ያነሱትን አቤቱታ ከተማዋ በራሷ መንግሥት ላይ መልሳ አነሳችው። እንዴት ያለ ሽሙጥ ነው!

«ክሊክ ኢት ኦር ቲኬት» (የመኪና ቀበቶህን እሰር፣ አለዚያ ትቀጣለህ) ቤት ስለሚመታ ብቻ ቀልድ አይምሰላችሁ። ቀበቶ ካላሰራችሁ ፖሊሱ በእርግጥ ይቀጣል።

የመጨረሻው፣ ቦታውን መሳት። ሥራውን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ እያለ ለሚጨነቅ ጓደኛ የናይኪን «ጀስት ዱ ኢት» (ዝም ብለህ አድርገው) መወርወር ምክር አይባልም፤ «ገላግለኝ» ማለት ይመስላል። በተቃራኒው በቦታው የገባ መፈክር ክርክር ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የሃምበርገር ቤቱ የዌንዲስ ማስታወቂያ ላይ አንዲት አሮጊት ትልቅ ዳቦ ውስጥ ያለችውን ሚጢጢ ሥጋ አይታ «ዌርስ ዘ ቢፍ?» (ሥጋው የታለ?) ብላ ጮኸች። በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ይወዳደር የነበረው ዋልተር ሞንዴል የተቀናቃኙን የጌሪ ሃርትን «አዳዲስ ሐሳቦች» በዚሁ ቃል አፌዘበት። ፍሬው የታለ ለማለት ነው። እናም አለቃችሁ ሪፖርታችሁን አንብቦ እንዲህ ቢላችሁ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው እንዳትሉት። ቁጥርና ማስረጃ ጨምራችሁ መልሱለት።