የፈርሱት እጥበትና አያያዝ በቤት ውስጥ

ፈርሱት ከሰው ሠራሽ ጸጉር ተሰፍቶ ለባሹን ከራሱ እስከ እግር ጥፍሩ ቀበሮ፣ ተኩላ ወይም በምናብ የተፈጠረ ሌላ እንስሳ የሚያስመስል ልብስ ነው። የባለ ልብሶቹ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ለአማርኛ ጆሮ «ፈሪ» ተብሎ መሰማቱ ያስቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በፒትስበርግ ከተማ በሚካሄደው፣ አንትሮኮን በተባለው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ይህን ደርበው በሰኔ መጨረሻ ሙቀት ሲጨፍሩ የሚውሉትን ያየ ሰው ግን ስሙ እንደማይገባቸው ይመሰክራል። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ለምንመለስ ሰዎች መንገዱ አራት ሰዓት ያህል የመኪና ጉዞ ነው፤ በላብ የራሰ ልብስ ይህን ያህል ሰዓት በሻንጣ ታፍኖ ከቆየ፣ ሻንጣው ሲከፈት ቤቱን ምን ዓይነት ሽታ እንደሚሞላው መገመት አያዳግትም።

አያያዙን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ጸጉሩ አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ወይም ሞዳክሪሊክ የተባለ ሰው ሠራሽ ክር ሲሆን፣ የተያያዘውም ከጀርባው ባለው የጨርቅ መደብ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ደግሞ በተቀረጸ ስፖንጅ ላይ ጸጉሩ በትኩስ ሙጫ ተለጥፎ የሚሠራ ሲሆን፣ አንዳንዱ በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ የፕላስቲክ አካል አለው። ስለዚህ የልብሱ የመጀመሪያ ጠላት ሙቀት ነው፤ ሲሞቅ ክሩ ይኮማተራል፣ ሙጫውም ይላላል። ሁለተኛው ጠላት ታፍኖ የቆየ እርጥበት ነው። ትኩስ ላብ ራሱ ይህን ያህል አይሸትም፤ ሽታውን የሚያመጡት ላቡን የሚመገቡት ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም ሆኑ ሻጋታ እርጥበት ካላገኙ አይባዙም። በእኔ እምነት ፈርሱት የሚያረጀው ባለመታጠቡ ሳይሆን በሚገባ ባለመድረቁ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ከእጥበቱ ይልቅ በማድረቁ ላይ የሚያተኩረው ለዚሁ ነው።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመልበስ በፊት ነው። ከሥር ላብ የሚመጥ ስስ የስፖርት ልብስ፣ በራስ ላይም ፊትን ብቻ የሚያሳይ ባላክላቫ ማድረግ የላቡን አብዛኛውን ክፍል ያስቀራል፤ እነዚህ ደግሞ በየቀኑ እንደማንኛውም ልብስ ይታጠባሉ። ፈርሱቱን እንዳወለቁ የውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው ይስቀሉት፤ ከዚያም በብብቱ፣ በአንገቱ፣ በጀርባውና በእግሮቹ መጋጠሚያ ላይ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በመርጫ ጠርሙስ እንደ ካፊያ ይርጩበት። 70 በመቶው ከ99 በመቶው የሚመረጠው፣ የተቀላቀለው ውሃ አልኮሉ ቶሎ ተንኖ እንዳይጠፋ በማድረግ በባክቴሪያዎቹ ላይ የሚሠራበትን ጊዜ ስለሚሰጠው ነው። አልኮል ተቀጣጣይ በመሆኑ መስኮት ተከፍቶ፣ ሻማና ምድጃ ጠፍቶ መረጨት አለበት፤ ሳይደርቅም ልብሱን መልበስ አይገባም። ከረጩ በኋላ ፋን አቅጣጫውን ወደ ልብሱ አድርጎ ሌሊቱን እንዲነፍስበት መተው ይበቃል። ይህ በየጊዜው ከተደረገ ሙሉ እጥበት የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ፣ ማናፈስ ሽታውን ማጥፋት ሲያቅተው ብቻ ነው።

ማጠብ ግድ ሲሆን ልብሱን የሰፋው ሰው የሰጠው መመሪያ ካለ ከዚህ ጽሑፍ ይቀድማል። ባትሪና መብራት ካለው ይውጣ፤ ጭኑን ወይም ዳሌውን ለማወፈር የገባ ስፖንጅም የሚወጣ ከሆነ ለብቻው ይታጠብ። የተተረተረ ስፌት ውሃ ከገባበት በኋላ ስለሚሰፋ አስቀድሞ መሰፋት ይኖርበታል። ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ለማወቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና የራሰ ነጭ ጨርቅ በጥቁሩ ወይም በቀዩ ጸጉር ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጭነው ይያዙት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ነጩ ክፍል አብሮ ሊነከር አይገባም። በመጨረሻም ጸጉሩን ይፍቱት። ለውሻ የሚሸጠው ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ ያለው ብሩሽ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ሥሩን በአንድ እጅ ይዞ ከጫፉ በመጀመር ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ መውረድ ነው። ተቋጥሮ የታጠበ ጸጉር እንደ ድሪቶ ይጠቀጠቃል።

ለእጥበቱ የመታጠቢያ ገንዳ ይሻላል፤ ሳፋ ብዙ ጊዜ ይጠባል። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ቢበዛ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ ይሁን፤ ሳሙናው ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ሆኖ በጥቂቱ ይግባ፣ ብዙ ሳሙና ከጸጉሩ መሐል አለቅልቆ ለማውጣት ያስቸግራልና። በረኪና በምንም ዓይነት አይገባም። የልብስ ማለስለሻንም አልመክርም፤ ክሩን ሸፍኖ ይቀራል። ልብሱ እንደተገለበጠ 20 ደቂቃ ያህል ተዘፍዝፎ ይቆይ፤ ከዚያ ሳያሹት በመዳፍ እየተጫኑና እየለቀቁ ውሃውን በመደቡ ውስጥ ያሳልፉ። ከጉባኤ የመጣ ልብስ በሆነ ጊዜ ውሃው የቀጠነ ሻይ ይመስላል፤ ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም፣ የወጣው ላብና አቧራ ነው። ከዚያ ውሃው አረፋ ማሳየቱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

የረጠበ ጋቢ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው የረጠበ ፈርሱት ክብደት አይገርመውም። ነገር ግን ጋቢን ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ይዞ እንደሚጠመዝዘው ይህን መጠምዘዝ ስፌቱን ይበጣጥሰዋል፤ በአንድ እጅጌ ይዞ ማንሣትም እንዲሁ። ውሃው ከገንዳው ወጥቶ ልብሱ ለብቻው ጥቂት ሲንጠፈጠፍ፣ በሁለት ክንድ አቅፎ አውጥቶ በወፍራም ፎጣ ላይ መጠቅለልና በጉልበት መጫን ይገባል። ከፊት የሚከፈት፣ በመሐሉ ምሰሶ የሌለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰው ለመጭመቅ ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ይህ ከማንኛውም ፎጣ የተሻለ ውሃ ያወጣል።

ማድረቂያ ማሽን ግን የተለየ ነገር ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በመጀመሪያ ልብሴ፣ በግራጫው ተኩላ ነው። በአፓርታማችን ምድር ቤት ባለው ማድረቂያ ውስጥ ሙቀቱን ዝቅ አድርጌ ለ10 ደቂቃ አስገባሁት፤ ሳወጣው የግራ እጅጌው ጫፍ እሳት እንደነካው የናይለን ክር ተኮማትሮ፣ ሲዳሰስ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። የቀለጠ ክር በማበጠር አይመለስም፤ የተበላሸውን በመቀስ ቀንጥቤ፣ ያልቀናውን በሌላ ጸጉር ጠግኜዋለሁ። ካውያና ሂተርም ከዚህ አይለዩም። የጸጉር ማድረቂያ ፎን የሚፈቀደው በቀዝቃዛው ነፋስ ብቻ ነው።

ትክክለኛው ዘዴ ነፋስና ትዕግሥት ነው። ልብሱ በወፍራም መስቀያ ላይ፣ ቢቻል ክብደቱ በሁለት ቦታ እንዲከፈል በወገቡም ተደግፎ ይሰቀል፤ አንድ ፋን ከፊት፣ ሌላው ከአንገቱ ወደ ውስጥ እንዲነፍስ ይደረግ። በመጀመሪያ የውስጡ፣ ከዚያም ተገልብጦ የጸጉሩ ገጽ ይደርቃል፤ ጸጉሩ ርጥብ እያለ በየጥቂት ሰዓቱ ማበጠር እንደ ነበረ እንዲቆም ያደርገዋል። እንደ ዋሽንግተን ባለ የበጋ አየሩ ውሃ ያዘለ ከተማ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ እርጥበት የሚመጥ መሣሪያ ያለው ሰው ክፍሉን ዘግቶ ቢያበራው ብዙ ጊዜ ያተርፋል። መድረቁን ከላይ በመዳሰስ ማወቅ አይቻልም። በብብቱ በኩል ጸጉሩን በሁለት ጣት ከፍለው እስከ መደቡ ይግለጡና በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ከቀዘቀዘዎት ገና ውሃ አለው።

ጭንቅላቱ ከውሃ ውስጥ አይገባም፤ ወፍራም ስፖንጅ አንዴ ከጠጣ ለቀናት አይደርቅም፣ መሐሉም ሊሻግት ይችላል። የሚወጣ ገበር ካለው ገበሩ ብቻ ይታጠብ፤ ከሌለው ውስጡን በሳሙና ውሃ በራሰና በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ፣ አልኮል ረጭቶም ፋኑ ላይ በአንገቱ በኩል ማስቀመጥ ይበቃል። ዓይኑን ከአልኮል ይጠብቁ፤ በዓይን ቦታ የገባውን የተቀባ ወንፊት ቀለሙን ሊያስለቅቅ፣ ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠራውንም ሊሰነጣጥቅ ይችላል። የፊቱ አጭር ጸጉር በለስላሳ ብሩሽ በተላጨበት አቅጣጫ ብቻ ይበጠራል። ጭንቅላቱን በበጋ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ፒኤልኤ የተባለው የፕሪንተር ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳልና አፍንጫው ተጣሞ ሊገኝ ይችላል።

የእጁ ጓንት እንደ ገላው ይታጠባል። ጫማው ስፖንጅ ስላለው ከላይ ብቻ ተጠርጎ አፉ ወደ ፋን ይዞራል። ጭራው ሙሊቱ የሚወጣ ከሆነ ባዶውን ይታጠብ።

ለማስቀመጥ ፕላስቲክ ከረጢት አይሆንም፤ አሮጌ የጥጥ አንሶላ አየር እያስገባ አቧራ ይከለክላል። ስፖንጅ በብርሃን ቢጫ ስለሚሆንና ስለሚፈረፈር ቦታው ፀሐይ የማይደርስበት ይሁን። እኛ ቤት ልብስን በእጣን ማጠን ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለነጠላ ያማረው ለዚህ አይሆንም፣ ጢሱ ከላቡ ጋር ተደባልቆ ሌላ ሽታ ይሆናል፣ ከከሰሉ የተፈናጠረች አንዲት ብልጭታም ጸጉሩን ትበሳዋለች። ስለዚህ ቡና ከሚፈላበት ክፍል ርቆ ይሰቀል፤ በወር አንድ ጊዜም አንሶላውን ገልጠው ብብቱን ያሽትቱት፣ ሽታ ካለውም ፋኑን መልሰው ያብሩ።